ሰነፉ አረፋ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ፀጉር አስተካካይ ግን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «አፍንጫው» ይሉታል። ትልቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ መጠኑስ ከማንም አይበልጥም። አንድ የጺም መላጫ ሳሙና አንስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሽትቶ፣ ብሩሹን አዙሮ፣ አረፋውን በእጁ አንጓ ላይ ቀብቶ አንድ ቃል ከተናገረ፣ ያ ቃል በሳምንቱ መንገዱን ሙሉ ያዳርሳል። ሦስት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ጠዋት ተከፍቶ እስከ ማታ የማይዘጋ ሬዲዮ ባለው ቤቱ ውስጥ፣ በሰው አገጭ ላይ ምን እንደሚቀባ የሚወስነው እሱ ነበር። መታመን ደግሞ ሲለምዱት ይጣፍጣል።

ከመስታወቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የመላጫ ሳሙና የያዙ ጥቁር ክብ ቆርቆሮዎች እንደ ሹማምንት ተደርድረዋል። ክዳናቸው ላይ ከአንድ ወርቃማ ቁጥር በቀር ምንም አልተጻፈም። ዋጋውን መጀመሪያ የሰማ ሁሉ «ለፊት ነው ወይስ ለግንብ?» ብሎ ይስቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ስልኩን አውጥቶ ከቆርቆሮው ጋር ፎቶ ይነሳል። በአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ በወረቀት የተጠቀለለ ተራ ሳሙና አሥራ ሁለት ይገዛል። አፍንጫው ስለ ጥቁሩ ሲያወራ ከአፉ ማር ጠብ ይላል። «ይሄ ሳሙና እንዳይመስላችሁ፣ ትዕግስት ነው» ይላል።

ስለ ቡናማው ወረቀት የተናገረው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በቂ ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ታላቅ እህቱ በእጇ የሠራችውን የመላጫ ሳሙና በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ አመጣችለት። ቤቱ በሰው እንደተሞላ ሞከረው። ብሩሹን ትንሽ አዞረና «አረፋው ሰነፍ ነው፤ ምላጩ ሳይደርስ ይተኛል» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እህቱም አብራ ሳቀች። ቀልዱ ግን ከበር ወጥቶ ሄደ። ቡናማውን ወረቀት በየሱቁ ያየ ሁሉ «ሰነፉ አይደል?» እያለ ያልፈው ጀመር፤ ወር ሳይሞላ ባለሱቆቹ የተረፋቸውን ሰብስበው መለሱላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ይህች እህት ያሳደገችው ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ሽበት አብቅሎ እንኳ «ማሙሽ» ነው የምትለው። ሳሙናዋ ከተሳቀበት በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች አጥባ ማምጣቷን አላቆመችም። ጥግ ላይ ካለችው ዱካ ተቀምጣ እያጠፈች ትደረድራለች፤ ወንድሟ ጥቁሩን ቆርቆሮ ሲያሞግስም ትሰማለች።

ነገሩ የወጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። አፍንጫው ደንበኛ ሳይመጣ መደርደሪያውን ሲወለውል ክርኑ አንዱን ቆርቆሮ መታና ወለሉ ላይ ጣለው። ቆርቆሮው ተጣመመ፤ ሳሙናው ክብነቱን እንደያዘ ሾልኮ ወጥቶ ከወንበሩ ሥር ገባ። ተንበርክኮ አወጣው፤ አቧራውን ሊያራግፍ ገለበጠው። ብሩሽ የሚያርፈው ከላይ ስለሆነ የዚህን ሳሙና ታች ያየ ሰው አልነበረም። መሐሉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። አሻራውን ደግሞ አንድ ሰያፍ መስመር ለሁለት ይከፍለዋል።

ክው አለ። መስመሩን ያውቀዋል። ሕፃን ሳለ የአባቱን ምላጭ ሰርቆ ሲጫወት፣ እህቱ ከእጁ ስትነጥቀው አውራ ጣቷ የተቆረጠበት ጠባሳ ነው። ሳሙና ስትሠራም አንድ ልማድ አላት። ሳሙናው መርጋት ሲጀምር እያንዳንዱን በዚያ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ጣቷ ምልክት ጥሎ ደረቅ ሆኖ ከተመለሰ ደርሷል ማለት ነው። ቆርቆሮውን የሚያመጣው አከፋፋይ ሳሙናውን በግንባሩ ደፍቶ ከተተው እንጂ አሻራውን ለመፋቅ እንኳ አልደከመም።

አፍንጫው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ከመሳቢያ ሥር ሁለት ዓመት የተረሳ ቡናማ ጥቅል ፈልጎ አወጣና ሁለቱን አሸተታቸው። ሽታቸው አንድ ነው። ያ የተመሰገነ አፍንጫ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያሸት የኖረው ቆርቆሮውን ነበር። ሁለቱን በየሳህኑ ሊመታ ብሩሽ አነሳ፤ ያኔ ነው እጁን የታዘበው። ለጥቁሩ ሳይቸኩል ስልሳ ጊዜ ያዞራል። ለቡናማው ግን አሥር ላይ ሲደርስ እጁ ማንም ሳያዘው ቆመ። እንደገና ጀመረና ቡናማውንም ስልሳ አዞረው፤ አረፋው ወፍሮ እንደ እርጎ ቆመ። ሰነፉ የእሱ እጅ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፈረ፤ ብቻውን ሆኖ እንኳ ፊቱ ጋለ።

እኩለ ቀን ላይ እህቱ ቤት ሄደ። ከውሃ ቧንቧ የተቆረጡ ክብ ቀለበቶች ጠረጴዛው ላይ በተርታ ቆመዋል፤ በየቀለበቱ ነጭ ሳሙና እየረጋ ነው። እሷ አጎንብሳ በጣቷ ትጫናለች። ሳሙናውን ከኪሱ አውጥቶ ገልብጦ አሳያት።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ጣት ነው?»

ቀና ብላ በሩን አየች። «መጀመሪያ ዝጋው።»

ዘጋው። «ታውቂ ነበር ማለት ነው?»

«የሠራሁትን አላውቅ?»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሳሞግሰው ጥግ ላይ ቁጭ ብለሽ…»

«ደስ ይለኝ ነበር እኮ» አለች። «ምን እዋሻለሁ፣ ፎጣ እያጠፍኩ ‹ጎበዝ ነሽ› የምትለኝ ይመስለኝ ነበር።» ጣቷን በሽርጧ ጠረገች። «ያማልም ደግሞ።»

«በቃ፣ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ።»

«ኧረ እንዳትናገር! አከፋፋዩ ‹የማን ሥራ እንደሆነ የታወቀ ቀን ትዕዛዙ አበቃ› ብሎኛል። ደግሞም እውነቱን ነው፤ የቡናማ ወረቀቷ ሴትዮ ሳሙና ነው ከተባለ ያን ዋጋ ማን ይከፍላል? ጉልበቴን ታውቀዋለህ ማሙሽ። ከዚህ ትዕዛዝ በፊት በሰው ቤት እየዞርኩ ልብስ አጥብ ነበር። ወደዚያ ልትመልሰኝ ነው?»

«ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት ዝም እላለሁ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለችና ወደ ቀለበቶቿ ዞረች።

ዓርብን እንደታሰረ ሰው ዋለ። ቢናገር እህቱን ከቤቷ አውጥቶ የሰው ደጅ ሊያስዞራት ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ዕድሜ ልኩን ስሟን እየረገጠ ሊኖር ነው። ደንበኛው ሁሉ «እስቲ ጥቁሩን» ይለዋል፤ እሱም ያወርዳል፣ ይከፍታል፣ ያዞራል። ያለወትሮው ቤቱ ጠበበው። ግድግዳው ሙሉ መስታወት በሆነ ቤት ውስጥ፣ ወዴት ቢዞር የራሱ ፊት ነው የሚጠብቀው።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ አከፋፋዩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ስልኩን ደግኖ ገባ።

«ዛሬ ፉክክር ነው የምንቀርጸው» አለ። «ቀኝ ጉንጭ ለጥቁሩ፣ ግራ ጉንጭ ለቡናማው። መጨረሻ ላይ ያቺን ቃልህን ጣል ታደርጋታለህ፤ ሰነፍ ምናምን ያልካትን። ሰው ይወዳታል።»

እህቱ ጥጓ ላይ ፎጣ እያጠፈች ነበር። ቀና አላለችም።

መሐለኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ቅዳሜን ሳይላጩ አያሳልፉም። «እኔ እፈርዳለሁ፣ ልማዴ ነው» ብለው አገጫቸውን አነሱ። አፍንጫው ወደ ቧንቧው ዞሮ ጀርባውን ለሰው ሰጠ። ከዚያ ለምን እንዳደረገው ለራሱም ሳይገባው፣ ሁለቱንም ሳህን ከቡናማው ጥቅል መታ። ሁለቱንም ስልሳ ጊዜ አዞረ። አንዱን «ይሄ ጥቁሩ ነው» ብሎ በቀኝ፣ ሌላውን «ይሄ ቡናማው ነው» ብሎ በግራ ጉንጫቸው ቀባና፣ በሁለቱም በኩል ምላጩን አንድ አንድ ጊዜ አወረደው።

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ቀኙ ሐር ነው» አሉ። «ግራው ግን ይግባኝ ይላል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አከፋፋዩ ስልኩን ወደ አፍንጫው አዞረ። «በል፣ ቃልህን!»

አልቻለም። ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠው።

«ሁለቱም ከቡናማው ነው» አለ። «ጥቁሩም ራሱ የእህቴ ሥራ ነው። ያኔ ሳላየው ነው የፈረድኩት፤ አረፋው ሰነፍ አልነበረም።»

ቀጥሎ ሳቁ ከበፊቱ ብሶ መጣ። «ለእህቱ አዝኖ ነው!» አለ አንዱ። «አንጀቱን በልታው ነው» አለ ሌላው። አፍንጫው ወደ ዳኛው ዞረ፤ እሳቸው እንኳ ሚዛን ያውቃሉ ብሎ።

«ልጄ» አሉ ዳኛው፣ ግማሽ ፊታቸው አረፋ እንደሆነ፣ «አርባ ዓመት ምስክር ሰምቻለሁ። ለዘመዱ የሚመሰክር ሰው እንዲህ እንዳንተ ነው የሚያልበው። ደግሞ የገዛ ጉንጬን ልካድ?»

ሳሙናውን ከኪሱ አውጥቶ ገልብጦ ከፍ አደረገው። «ጣቷ እዚህ አለ! መስመሩን እዩት! እትዬ፣ ነይ ጣትሽን አሳያቸው።»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ጥጉ ዞረ፤ የአከፋፋዩም ስልክ እንዲሁ። እህቱ ሁለት እጆቿን ከታጠፉት ፎጣዎች ሥር ከተተች። አከፋፋዩን አላየችውም፤ ወንድሟን ነው ያየችው፣ ያኔ ምላጩን ከእጁ ልትነጥቀው ስትሮጥ ባየችው አስተያየት።

«የኔ አይደለም» አለች። «የኔማ አረፋው ሰነፍ ነው። ወንድሜ ራሱ አይደል የፈረደው?»

ሰው አጨበጨበላት። እሷም ከሰው ጋር ሳቀች፣ ልክ እንደዚያ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ቀን። ባዶ ቅርጫቷን አንሥታ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለችና እሱ ብቻ እንዲሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ለኔ ብለህ አይደለም የተናገርከው፤ እንዲቀልህ ነው። በል ጨርስላቸው፣ አረፋው እየደረቀ ነው።»

ወጣች። አከፋፋዩ ከአፍንጫው እጅ ላይ ሳሙናውን ቀስ ብሎ ወሰደው፤ ገልብጦ ታቹን በደንብ አየውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ስልኩን እንደገና ደገነ። አፍንጫው ወደ መስታወቱ ዞረ፣ ብሩሹን ነከረና የሚፈለገውን ቃል ተናገረ። አንዴ ድምፁ አልጠራም ተብሎ፣ ሁለቴ ተናገረው።

ዶሮ ጭራ ጭራ፣ ታወጣለች ካራ። በሳምንቱ እህቱ ፎጣ ይዛ ስትመጣ ትዕዛዙ እንዳልተቋረጠ ነገረችው፤ እንዲያውም ጨምሯል። አከፋፋዩ ያዘዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ሳሙናውን በጓንት እንድትነካው።

አፍንጫው ዛሬም የሚመጣለትን ቆርቆሮ ሁሉ ደንበኛ ሳይገባ ይከፍትና ሳሙናውን አውጥቶ ይገለብጠዋል። ታቹ ልሙጥ ነው። መልሶ ይከተውና መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል።