መጋረጃ አያወራም

ሊቀመንበር የሆንኩት ካውያ ይዤ ነው። ስብሰባው አዳራሹ ውስጥ ነበር። እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ለተውኔት የሚለበስ የዳኛ ካባ እተኩሳለሁ። ጨርቁ ሠራሽ ስለሆነ ዓይን ከላዩ ከተነሳ ይቃጠላል። ጭብጨባ ሰማሁና ማን ምን አገኘ ብዬ ብቅ ስል፣ ሃያ ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ያጨበጭባል። ከመካከላቸው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ጥርሱን በሙሉ አሳይቶ፣ "ሹመት ያዳብር" አለኝ። እኔ ምን እንደተባለ እስክጠይቅ ካባው ተቃጠለ። ጫፉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ምልክት እስከ ዛሬ አለ፤ ማየት የፈለገ መጥቶ ይይ።

የሰፈራችን የኪነት ቡድን ከጎሚስታው ጀርባ ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በየዓመቱ አንድ ተውኔት ያሳያል። ስልሳ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ ከሁለት አልጋ ልብስ ገጣጥሜ የሰፋሁት አንድ መጋረጃ አለን። ቡድኑን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ያቋቋመው ጋሼ ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው። የእኔም የማንም ወንድም አይደለም፤ ግን እንኳን እኛ፣ ከሰው ጋር የማይስማማው ጎሚስታ ሳይቀር ጋሼ ይለዋል። በየዓመቱ ዋናውን ቦታ የሚጫወተው እሱ ነው። ዘንድሮ ዳኛ ነው፤ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ግድግዳ ይካሰሳሉ፣ እሱ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ ይፈርዳል።

የእኔ ሥራ ልብስ መስፋት ነው። ይሄ የሚታየው ነው። የማይታየው ደግሞ፣ በግራ በኩል ከመጋረጃው ጀርባ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ፣ ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል ለጠፋበት ሰው ቃሉን ማንሾካሾክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የመጣሁት ግን ልጫወት ብዬ ነበር። ጋሼ ሁለት መስመር አስነበበኝና፣ "የአንቺ ድምፅ ለመጋረጃ ነው የተሠራው" አለኝ። እኔ ሞኟ ምስጋና መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ፈገግ ስል ከረምኩ። በዚያው ቀን የቡድኑን ሕግ ነገረኝ፤ መጋረጃ አያወራም። ማን እንደረሳ፣ ስንት ጊዜ እንደረሳ፣ ለባልም ቢሆን አይነገርም።

ለባሌም አልተናገርኩም። ጋሼ ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድም መስመር እንደማያውቅ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። መጀመሪያ አንዳንድ ቃል ነበር፤ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር። እኔ አንሾካሹካለሁ፣ እሱ ከአፌ ተቀብሎ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ለተመልካች ይሰጣል። በመሃል ዝም ይላል። ሰው ይሄን "የጋሼ ዝምታ" ብሎ ያደንቃል፣ ተዋናይ ማለት እንዲህ ነው ይላል። ዝምታው እኔ ቀጣዩን መስመር እስካገኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን ጋሼ ስብሰባ ሰልችቶኛል፣ መድረኩ ይበቃኛል ብሎ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። ለእኔ መጀመሪያ እጁን ያወጣውም እሱ ነው። የተቃጠለውን ካባ እንደያዝኩ ፀጉር አስተካካዩ ክርኔን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ። በዘዴ አድርጌ ለጋሼ እንድነግረው ሁሉም ተስማምተዋል፤ ዘንድሮ ይረፍ፣ የዳኛውን ቦታ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ይይዘዋል፣ ግድ የለም። ምን እንደምነግረው ጠየቅሁት።

"ኧረ እህቴ" አለኝ፣ "ሹክሹክታሽ እኮ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ይሰማል።"

ቆሽቴ አረረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምስጢር የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሃያ ሰው ጭኖብኝ ቆሞ ያየኛል። ለምን እስከ ዛሬ አልተናገርክም ስለው፣ "አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አለኝ። ፀጉሩ ለሳሳ ደንበኛ ሁሉ የሚላትን ተረት ለእኔም መዘዛት። የእባብ ጉድጓድ በሰው እጅ ይለካል የሚባለው ይሄ ነው። አንድ መርፌ እንኳ አቀብለውኝ የማያውቁ ሰዎች እጅ ሲያስፈልጋቸው የእኔን መረጡ።

ረቡዕ ዕለት የጋሼ ልጅ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ፣ ለአንዱ ሽሮፕ ለሌላው ፋሻ እየሰጠች፣ በመሃል በመሃል ነገረችኝ። ሐኪሙ ካወቀ ዓመት ሆኖታል። ቤት ውስጥ የመታጠቢያው በር ይጠፋበታል። ቅዳሜ ግን፣ ልምምድ ስላለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጫማውን ጠርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ ከሳምንቱ የሚያውቃት ቀን እሷ ብቻ ናት። ከወረደ ቤት ይውላል፤ ቤት ከዋለ ደግሞ እንጃ። እንዲህ አለችና፣ "አንቺ ስላለሽ እኮ ነው ደህና ነው ያልነው" ብላ ጨመረች።

ለምን እናንተ አልነገራችሁትም አልኳት። ከእኔ ከሰማ ይቀየመኛል አለች።

"ከእኔ ሲሰማስ?"

የሚቀጥለውን ደንበኛ ጠራች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምዱ ተጀመረ። ሊቀመንበር የሚቀመጠው ከፊት ነው፤ ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠይቄ ነበር፤ አንዱ ዓይኔ ደካማ ነው አለ፣ አንዷ ጉሮሮዬን አለች። ስለዚህ ከመጋረጃው ጀርባ ማንም አልነበረም። ጋሼ የተቃጠለውን ካባ ለብሶ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፣ ሁለቱን ተካሳሾች ከላይ ወደ ታች አየ። የዳኛው ፍርድ በአንድ መስመር ነው የሚጀምረው፤ ግድግዳው የማንም ይሁን፣ ጥላው የሁለታችሁም ነው።

"ግድግዳው የማንም ይሁን" አለ ጋሼ። ከዚያ ዝም አለ።

ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ክፋት ነው ብትሉኝ አልክድም። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱ አድርጎ የተናገረበት ድምፄ እስቲ አንድ ቀን ይናፍቀው ብዬ ነው። ከጎሚስታው በኩል መዶሻ ብረት ላይ ሲያርፍ ይሰማል። ጋሼ ወደ መጋረጃው ትንሽ ጎንበስ አለ።

"የት ሄድሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

ለሁለት አልጋ ልብስ ነበር የሚያወራው። ማንም አልሳቀም። ፀጉር አስተካካዩ ቅንድቡን አነሳልኝ፤ ይኸው ቀዳዳው ተከፈተልሽ፣ አሁን ንገሪው ማለቱ ነው። ያ ቅንድብ ነው ያስነሳኝ።

"እዚህ ነኝ፣ ጋሼ" አልኩ። "ቃሉ ጠፍቶሃል። ዛሬ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ እያቀበልኩህ የምትናገረው።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈሩ በሙሉ የሰማውን እሱ ያኔ ገና መስማቱ ነው። የካባውን ጫፍ ያዘ፣ የተቃጠለው ላይ፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አንቺ ልብስ ሰፊ ቢለኝ መልሱን አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ከእኔ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

"እናንተስ ታውቁ ነበር?"

ሃያ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ።

"እሷስ መጋረጃ ነበረች፤ መጋረጃ አያወራም" አለ። "እናንተ ምን ነበራችሁ?"

እኔም ያን ጊዜ ነው የሁለት ዓመቱን ያወረድኩባቸው። ለምን እንደመረጣችሁኝ አውቃለሁ አልኳቸው። ጋሼን አላወርደውም። ከመጋረጃው ጀርባም አልመለስም። ከዛሬ ጀምሮ ከእናንተ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ከጎኑ ይቆማል፣ መብራቱ ውስጥ፣ ሰው እያየው፤ ጋሼ ሲጠፋበት ጮክ ብሎ ያነብለታል።

ፀጉር አስተካካዩ ተመልካች ምን ይላል አለ። ረስቷል ይላላ፣ ረስቷልና፣ አልኩት። ትንሽ አሰበና ሌላ አመጣ። ወረቀት ያዡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይሁን፤ አንድ ኮት ብቻ ስፊለት፣ ሰው የተውኔቱ አካል ይመስለዋል፣ ማንም አያውቅም። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የበለጠ ያናደደኝም ጥሩነቱ ነው። ከአንዱ መጋረጃ ሳንወጣ ሌላ ስፊ ይለኛል።

"ኮት አልሰፋም" አልኩት። "የምትቆመው አንተ ነህ፤ በሸሚዝህ ትቆማለህ። ያልፈለግህ እንደሆነ በሩ ያው።"

ቆመ። ለዳኛው ቦታ የቋመጠ ሰው ከዳኛው ጎን ሎሌ ሆኖ ቆመ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ጫማውን ጠርጎ መጣ፣ ሁሉንም እየዞረ ጨበጠ፣ ካባውን ለበሰ። ግድግዳው የማንም ይሁን አለና ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን እንደሌባ ከጀርባው ደብቆ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ የሆነ ነገር አጉተመተመ። ጋሼ አልሰማውም። ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

"የት ሄድሽ?"

ያለፈውን ሳምንት ረስቶታል። እኔ ብቻ ሳልሆን ሁላችንም ያን የሚያህል ነገር ይረሳል ብለን አላሰብንም። ቁጣ ይታወሳል ብለን ነበር። ተነሳሁ፤ እንደገና ነገርኩት። ሁሉንም? አለ፣ ያው ፊት፣ ያው አውራ ጣት፣ ያው የተቃጠለ ቦታ። ሁሉንም አልኩ። እናንተስ? አለ። ሃያው ሰው ያንኑ ጫማውን አየ። ስብሰባው የመረጠኝ አንድ ጊዜ እንድናገር ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ተናገርኩ። በአራተኛው ተናገርኩ። በየሳምንቱ አዲስ ነው የሚያመው፤ በየሳምንቱም ከእኔ አፍ ነው የሚሰማው። እነሱ አንድ ቃል ቢያግዙኝ፣ አንዳቸው አዎ እናውቅ ነበር ቢሉት፣ ጫማቸው አይጠፋባቸውም ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ ነግሬው ሳበቃ ከኋላ ወዳለችው ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጋሼን ራሱን ጠላሁት። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ድምፄን ከሰው የደበቀው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ እሱ ረስቶ ይገላገላል፣ እኔ አስታውሳለሁ። እያለቀስኩ ካባውን ተኮስኩ። እንባዬ ካውያው ላይ ሲያርፍ ጭስስ ይላል። ባሌ ተይው፣ ይቅርብሽ አለኝ፤ እሱንም ተቆጣሁት።

ትርኢቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስልሳውም ወንበር ሞላ፣ የተረፈው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ጎሚስታው እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የጋሼ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። እኔ ከፊት ረድፍ ጫፍ ላይ ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ ከዳኛው ወንበር አጠገብ ቆሟል፤ ሰውም ይሄ ደግሞ ምንድነው ብሎ እያየው ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ተሰዳደቡ፣ ሰው ሳቀ፣ እንዲያውም ከልምምዱ የተሻለ ሳቀ። ከዚያ ጋሼ እጁን አነሳና አዳራሹ ጸጥ አለ።

"ግድግዳው የማንም ይሁን" አለ።

ዝም አለ። ከኋላዬ አንድ ሰው በአድናቆት ተነፈሰ፤ የጋሼ ዝምታ መጣች። ዝምታዋ ግን ረዘመች። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ወደ እኔ አየ። ጋሼም ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አደረገ።

"የት ሄድሽ?"

አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ከልማድ የተነሳ ግማሽ ድረስ ተነስቼ ነበር። ስድስተኛ ጊዜ ነው። የጋሼ ልጅም እያየችኝ ነው፣ ሃያውም ሰው ከመድረኩ ዳርና ዳር እያየኝ ነው፤ ትንገረው እያሉ ነው፣ የእሷ ሥራ ነው እያሉ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄን አጣጥፌ ፀጉር አስተካካዩን ብቻ አየሁት። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ወረቀቱን አየ፣ ተመልካቹን አየ፣ ጫማውን ሊያይ ጎንበስ አለና ሳይደርስ ቀና አለ።

"ጋሼ" አለ፣ ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ "እዚያ ማንም የለም። ቃሉ እኔ ጋ ነው። ጠፍቶሃል። ከድሮም ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ፈርተን ነው ዝም ያልነው።"

ጋሼ ዞሮ አየው። ሸሚዙን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ በአውራ ጣቱ የካባውን ጫፍ አሸት አደረገ።

"ታዲያ ምን ያንሾካሹክሃል?" አለው። "ጮክ በል።"