እንስሳትን የሚያስወጣው መስመር

አኪሩ ያን ቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የመጣችው እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነው። ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ ከፊቴ ተቀመጠች።

«ፕሮፌሰር ሙሪዩኪ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ማማ ናሊያካ?»

«መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል፣ ዶክተር።»

«እንደምን ዋሉ። ‹እናትሽ ማስረጃ አይደለችም› አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!»

ሳቄ መጣና በሻይ ዋጥሁት። ፕሮፌሰሩ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሰው ማስቀየም ይችልበታል፤ ያለው ነገር ግን ትክክል ነው። በእኛ ሙያ የማንም እናት ማስረጃ አይደለችም። የሚቆጠረው ተጠንቶ፣ ተጽፎ፣ ታትሞ የወጣ ብቻ ነው። እኔም እዚህ ናይሮቢ፣ በሕክምና ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜዬን የፈጀሁት ሐኪሞች ያንን የታተመ ነገር አንድም ሳይቀር እንዲያገኙ በመርዳት ነው።

የአኪሩ ጉዳይ እንዲህ ነው። የሰሜኑ በረሃ፣ የቱርካና ልጅ ናት፤ ሐኪም ሆና የምትሠራውም እዚያው ሎድዋር ከተማ ነው። በአገሯ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል አለ። ጉበት ውስጥ ገብቶ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ከረጢቱ በዓመታት እያደገ ሆድ ይነፋል። መመሪያው በሽተኛው ናይሮቢ ድረስ መጥቶ በቀዶ ጥገና ይውጣለት ይላል። ማን ይመጣል? ፍየሎቹን ለማን ትቶ? አብዛኛው ሆዱን ታቅፎ እዚያው ይቀመጣል፣ እዚያው ይሞታል። አኪሩ ሌላ መንገድ እንዲፈቀድላት ትፈልጋለች፤ ከረጢቱን በመርፌ መቅዳት፣ ትሉን የሚገድል መድኃኒት መጨመር፣ መልሶ መቅዳት። ሎድዋር ላይ ሆኖ። ኮሚቴውም የዓለምን ጥናት ሁሉ ሰብስባችሁ አምጡና ዓርብ እንወስናለን አለ።

ፍለጋውን የሠሩት ምዜ ኦዴሮ ናቸው፤ «ምዜ» የምንላቸው ለዕድሜያቸው ክብር ነው፤ የክፍላችን አንጋፋ፣ የእኔም አስተማሪ። በዚህ ሥራ ፍለጋ ማለት አንድ ቃል ጽፎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በሽታው በዓለም ላይ የሚጠራባቸው ስሞች በሙሉ፣ የድሮውም የአዲሱም፣ በ«ወይም» ይያያዛሉ። የሕክምናውም ስሞች እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱ ክምሮች በ«እና» ይጋጠማሉ። መጨረሻ ላይ የማይፈለገውን የሚያስወጡ መስመሮች ይከተላሉ። ሠሪው የራሱን ሥራ አይፈትሽም፤ ሁለተኛ ሰው መስመር በመስመር ያየዋል። የምዜን የማየው እኔ ነኝ። አስቀድመን የምናውቃቸውን ጥናቶችም ፍለጋው ያመጣቸው እንደሆነ እንሞክራለን። ሁሉንም አምጥቶ ነበር።

ያመጣው ሁሉ ግን የከተማ ነበር። ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ የሚያብረቀርቅ ወለል። ፕሮፌሰሩ ገና ዓርብ ሳይደርስ ይህን ይዞ፣ በበረሃ ተሞክሮ አያውቅምና በበረሃ አይፈቀድም አለ።

«ተሞክሯል!» አለች አኪሩ። «እናቴ በድንኳን ውስጥ ነው የተወጋችው። አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅ ነበርኩ እንጂ ዕውር አልነበርኩም።»

«ማን ሠራው? መቼ? ርዕሱ ምን ይላል?»

«እሱን ባውቅማ እርስዎ ዘንድ ምን አመጣኝ?»

«አፍሽ እንደሆነ አያርፍም» አልኳትና ከሻይ ጋር የምበላውን ማንዳዚ ቆርሼ ሰጠኋት። ባዶ ሆዱን ከተናደደ ሰው ቁም ነገር አይገኝም። «እስቲ የምታስታውሺውን ሁሉ ንገሪኝ። የማይረባ የሚመስልሽንም።»

እያላመጠች ነገረችኝ። አረንጓዴ ድንኳን ነበር። የሆድን ውስጥ የሚያሳይ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር። ቀይ ጢም ያለው፣ ወተት የሚወድ ሐኪም ነበር።

«ደግሞ ውሾቻችንን ሰብስበው መዘኗቸው» አለችና የመጣችበትን ንዴት ረስታ ሳቀች። «እውነቴን ነው! መዘኗቸው፣ መድኃኒት አስዋጧቸው፣ ከዚያ አራቸውን በጠርሙስ እያደረጉ ወሰዱ። ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የመጣው የውሻ አር ሊሰበስብ ነው እየተባለ ስንት ጊዜ ተሳቀ መሰለዎት!»

እኔ አልሳቅሁም። ጆሮዬ ቆመ።

«ውሾቹንም አጠኑ ማለት ነው? ከሰዎቹ ጋር?»

«አጠኑ እንጂ! እንዲያውም ለውሾቹ ነበር የበለጠ የሚጠነቀቁት።»

የምዜን ፍለጋ ከፈትሁና ወደ መጨረሻው ወረድሁ። እዚያ አለ፤ በቤተ መጻሕፍታችን በሚሠራ ፍለጋ ሁሉ ጭራ ላይ ያለው መስመር። እያንዳንዱ ጥናት ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር መለያ ይለጠፍበታል፤ በሰው ላይ ከተሠራ «ሰው»፣ በአይጥ ላይ ከተሠራ «እንስሳ»። የእኛ መስመር «እንስሳ» የሚል ያለበትን ሁሉ ያስወጣል። ለደም ግፊት መድኃኒት ፍለጋ ደህና ነው፤ የላቦራቶሪ አይጦችን ጠራርጎልን ይሄዳል። ሰውንም ውሻንም አንድ ላይ ያጠና ጥናት ግን ሁለቱም መለያ ይለጠፍበታል። መስመሩ «እንስሳ» የሚለውን ያያል፤ ጥናቱን ከነሰዎቹ ይጥለዋል። እኔም በየፍለጋው አይቼ አልፌዋለሁ። ሁልጊዜ ያለ ነገር ስለሆነ ማንም ቆም ብሎ አያነብበውም። ከውሻው ጋር በአንድ ጎጆ የሚያድር ሕዝብ የታመመውን በሽታ እየፈለግን፣ ውሻ ያለበትን ወረቀት ሁሉ አውጥተን ጥለናል። ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ምዜ ኦዴሮ ጥግ ያለው ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ። አኪሩን አስከትዬ ሄድሁ።

«ምዜ፣ ይቺን መስመር ይመልከቱልኝ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «ምን ሆነች? ይቺ መስመር አንቺ እዚህ ከመምጣትሽ በፊት ነበረች።»

«ችግሩ እሱ ነው።»

«ናሊያካ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?»

«የቱርካና ውሻ የት ነው የሚያድረው?»

«እኔ የኪሱሙ፣ የሐይቅ ዳር ሰው ነኝ፤ ዓሣ ጠይቂኝ።»

«ከሰው ጋር ነው የሚያድረው፣ ምዜ» አለች አኪሩ ከኋላዬ። «ሕፃን ሲቆሽሽ እንኳ ልሶ የሚያጸዳው ውሻ ነው።»

ምዜ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄዶ ተመለሰ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ይጮኹብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ለአይጥ ያጠመድሁት ሰው ይዞልኛል» አሉ ቀስ ብለው።

ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳቡና ራሳቸው አረሙት። አዲሱ መስመር «እንስሳ ብቻ የሆነውን አስወጣ፤ ሰው ያለበትን ተው» የሚል ሆነ። ከዚያ ፍለጋውን እንደገና አስኬዱ። ቀድሞ ያልነበሩ ጥቂት ጥናቶች ተጨመሩ። አብዛኞቹ ለእኛ አይሆኑም። አንደኛው ግን ቱርካና ይላል፣ ድንኳን ይላል፣ መርፌ ይላል፣ ውሾች ይላል። አኪሩ እልል ስትል አንባቢው ሁሉ ዞሮ አየን። ዝም በሉ እያልሁ እንጀራዬን የምበላ ሴትዮ፣ ያን ጊዜ ዝም በይ አላልኋትም።

ሙሉውን አውጥተን አተምነው። አኪሩ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ትንሽ እንዳነበበች ተቀመጠች።

«አንዷ ሞታለች» አለች።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁ። የተወጉት ሁሉ ድነው አንዲት ሴት ብቻ ድንኳኑ ውስጥ ሞታለች። ከረጢቱ ሲወጋ ሰውነቷ ተቆጥቶ መተንፈስ አቃታት፤ የነፍስ አድን መርፌው መኪና ውስጥ ነበርና እስኪመጣ አልቆየችም።

«ሙሪዩኪ ይቺን አንዲት ሞት ይዞ ይሰቅለኛል። ከዚህስ ባዶ እጄን ብሄድ ይሻለኝ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማማ ናሊያካ… መስመሩን እንደነበረ ብንተወውስ? ማንም አያውቅም።»

አንጀቴን በላችው። ስንት ሰው ሆዱን ታቅፎ እንደሚጠብቃት አውቃለሁ። ግን ተቆጣኋት።

«ውሾች ስላሉበት የተጣለ ጥናት ነው። አሁን ደግሞ ሟች ስላለችበት ብንጥለው፣ እኛ ከመስመሩ በምን ተሻልን?»

«ያገኘነውን አንደብቅም» አሉ ምዜ ፊታቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሡ። «መደበቅ ከፈለግሽ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ፈልጊ። እስከዚያው ግን ሂጂና ሻይ አምጪልኝ፣ ስኳሩ በዛ ይበል።»

ዶክተሯ ተነሥታ ሻይ ልታመጣ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቷን ይዛ ወደ ኮሚቴው ስትሄድ ፈራሁላት። እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ምዜ ግን የድሮ ፍለጋዎቻቸውን እየከፈቱ ያንን መስመር እያረሙ እንደገና ይፈልጋሉ፤ ላግዝዎት ብላቸው በእጃቸው አባረሩኝ። ከምሳ በኋላ አኪሩ ተመለሰች። በአረማመዷ ምንም ማወቅ አልቻልሁም።

«ፈቀዱ» አለች። «ሎድዋር ላይ ይሠራ ተባለ። ሙሪዩኪ ስለ ሟቿ ያለውን ሦስቴ አነበበና አንድ ዓረፍተ ነገር በእጁ ጨመረ። የነፍስ አድን መርፌው ተሞልቶ ከአልጋው አጠገብ ሳይቀመጥ ማንም ሰው እንዳይወጋ።»

«ስለ እናትሽስ ምን አለ?»

«አሁን ማስረጃ ናት አለ። እሱም ሳቀ፣ ቢያምኑም ባያምኑም።»

ወዲያው እናቷ ጋ ደወለችና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኛም እንዲገባን ብላ በስዋሂሊ ጀመረች።

«እማ፣ ተገኝተሻል። ሰንጠረዡ ላይ አለሽ። ሴት፣ የሠላሳ ዓመት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ድናለች ይላል።»

«ስሜስ?»

«ስም አይጻፍም፣ እማ።»

«ውሾቹስ አሉበት?»

«አሉ። እነሱ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ናቸው፤ አንቺ በሁለተኛው ነሽ።»

«እኔን ከውሻ ኋላ!» ስልኩ ሊፈነዳ ደረሰ። «ያ ቀይ ጢም! ያን ሁሉ ወተት አጠጥቼው! እንዲህ መሆኑን ባውቅ ለውሾቹ እሰጠው ነበር።»

ምዜ ኦዴሮ እንኳ ሳቁ። የአኪሩ እናትም ስቃ ስቃ አበቃች።

«አሲኜንስ?» አለች። «አሲኜን አለችበት?»

አኪሩ ወደ እኔ ዞራ፣ «አሲኜን ጎረቤታችን ነበረች። ከእናቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ነበረች፤ እኛ ልጆች ግን በበሽታው ሞተች ነበር የተባልነው» አለችኝ በሹክሹክታ። ወረቀቱን ሳበችና ጣቷን በሰንጠረዡ ላይ አስሄደች። ሴት፣ የሃያ ስድስት ዓመት፣ የአንዲት ልጅ እናት።

«አለች፣ እማ።»

«ምን ይላል?»

«ሞታለች ይላል። በምን እንደሞተችም ይላል። ዛሬ እሱን አንብበው ነው መርፌው ከአልጋው አይራቅ ያሉት። ከእንግዲህ እንደሷ ማንም እንዳይሞት።»

ስልኩ ውስጥ የፍየል ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

«በእሷ ምክንያት ነው ያሉት?»

«በእሷ ምክንያት። ስሟ ግን የለም፣ እማ።»

«ስሟን እኔ አውቀዋለሁ» አለች የአኪሩ እናት። «ነገ ሄጄ ለልጇ እነግራታለሁ።»