ደጅ የቀረው ወንድም

«እጁ ላይ እንዳትሰጪው፤ መሬት ላይ አስቀምጪለት» አለቻት ጎረቤቷ።

ዓሣ ሻጯ ሲግሪ ዳቦውን ደረጃው ላይ አኖረችና ፊቷን አዞረች። በኒዳሮስ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ለሊቀ ጳጳስ ሃልስታይን አስከሬን ጸሎት ሲደረስ ሰንብቷል። ከተማው ሁሉ እየገባ ይሰናበታል። ታላቅ ወንድሙ ቶርጊልስ ግን ደጅ፣ ደረጃው ላይ ነው። የተወገዘ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ አብሮት የሚበላ፣ እግዜር ያጽናህ የሚለውም የለም። ያወገዘው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ሟቹ ራሱ ነው።

«ለወንድማቸው እንኳ አላደሉም፤ እንዲህ ያሉ ጻድቅ ነበሩ» አለች ጎረቤትየዋ ሹክ ብላ።

«ጻድቅ? ድንጋይ ነበሩ በዪ» አለች ሲግሪ።

ቶርጊልስ ሰማቸው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ አሰበ።

ሃልስታይን ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር፤ አባታቸውን ለማስደሰት እንኳ አንዲት ውሸት አይወጣውም። ፓሪስ ድረስ ሄዶ ተማረ፤ ቄስ ሆኖ ተመለሰ፣ ውሎ አድሮም ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ንጉሡ ጳጳሳትን የምሾመው እኔ ነኝ ሲል አሻፈረኝ ብሎ ተሰደደ። ከስደቱም ሆኖ አገሩን ገዘተ፤ ንጉሡ እስኪታረቅ ድረስ ደወል እንዳይደወል፣ ሬሳም በቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳይቀበር። ንጉሡ ምንም አልሆነም። የቶርጊልስ ሚስት አስታ ግን በዚያው ዓመት ሞተች። ሜዳ ላይ አልጥላትም አለና በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆፍሮ ቀበራት።

ሃልስታይን ከስደት ሲመለስ መጀመሪያ ያወገዘው እሱን ነው።

«ለሌላው የከለከልኩትን ለአንተ ብፈቅድ ምን እባላለሁ?» አለው።

«ወንድሜ ትባላለህ» አለው ቶርጊልስ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ሟቹን ያስታመሙት ሽማግሌው አባ ቢያርኔ ከካቴድራሉ ወጡና ራቅ ብለው ቆሙ።

«ዛሬ ይቀበራሉ» አሉ። «ውግዘቱን አሁን መፍታት የምንችለው እኛ ካህናቱ ነን። አጥፍቻለሁ በልና የአስታን አፅም ከግቢው ለማውጣት ማል። እጅህን ይዤ አስገባሃለሁ።»

«ፊቱን ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ አባ።»

«እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«አላጠፋሁማ። አስታም ከዚያ አትነሳም።»

«ሁለታችሁንም አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ፤ ማንም ባይነግረኝ እንኳ አውቅ ነበር» አሉና እያዘኑ ገቡ።

ብቸኝነቱ የጠናበት ያን ጊዜ ነው። ሃልስታይን በሕይወት ሳለ ቢያንስ የሚኮራረፈው ሰው ነበረው። አሁን ያም የለም።

ከሰዓት በኋላ ቃሬዛው እንደ ልማዱ ካቴድራሉን ሊዞር ወጣ። ዝናብ ያካፋል። ሕዝቡ ከቶርጊልስ ሸሽቶ ስለቆመ ዙሪያው ባዶ ነው። አባ ቢያርኔ እሱ ጋ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹን «ትከሻ ቀይሩ» አሏቸው። ገና መቀየራቸው ነበርና ግራ እየገባቸው ቃሬዛውን አወረዱ። አባ ቢያርኔ ጀርባቸውን ሰጥተው መዝሙረ ዳዊታቸውን ቀጠሉ።

ቶርጊልስ ቀረበ። ወንድሙ በጣም አርጅቷል። ዝናቡ በተከደኑት ዓይኖቹ ላይ ይንጠባጠባል። በእጅጌው ጠረገለት፤ መልሶ ራሰ። ቆቡን አወለቀና ከፊቱ በላይ ያዘለት፤ ቃሬዛውን እስኪያነሱት ድረስ እጁን አላወረደም።