በሰሚው ቋንቋ

የኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን በደጉ ጊዜ ጋምቤላን ሲያስጨፍር የኖረ ቡድን ነው። ዛሬ ግን የባጃጅ ሾፌሮች «ወንፊት» ይሉታል፤ የመጣው ኳስ ሁሉ ያልፍበታላ። ስም ማውጣት ከተባለ እነሱን የሚያህል የለም።

ወንፊት ያደረገው የጉልበት ማነስ አልነበረም። አንድ ማሊያ የለበሱ ሁለት ቡድኖች ስለነበሩ ነው። አኙዋኮቹ በቀኝ፣ ኑዌሮቹ በግራ ተሰልፈው ኳሷን ከወገን ወደ ወገን ብቻ ያመላልሷታል። ምግብ ቤትም ጠረጴዛቸው ለየብቻ ነው። ተጋጣሚዎች ይህን ስለነቁበት መሃል ለመሃል ሰተት ብለው ይገባሉ፤ እዚያ ጋ ማንም ማንንም አይጠራማ። በመጨረሻ የኮሌጁ ዲን መረራቸውና «ዘንድሮም እንዲሁ ከሆነ ቡድኑ ይበተናል» አሉ።

አዲሱ አሰልጣኝ የመጣው ያኔ ነው። ዘገየ ይባላል፤ ከደጋ የመጣ የስፖርት መምህር፣ አጭር፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው። መጀመሪያ ዳር ቆሞ ጨዋታቸውን ብቻ አየ። ከዚያ ሰበሰባቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራ ሰው በሰሚው ቋንቋ ይጠራል። አኙዋኩ ኑዌሩን በኑዌርኛ፣ ኑዌሩም አኙዋኩን በአኙዋክኛ። ‹የኔ ነው›፣ ‹ተወው›፣ ‹ከኋላህ ሰው አለ›፤ በቃ፣ ሌላ አልጠይቃችሁም።»

«ኮች፣ በአማርኛ አይሻልም?» አለ ተጠባባቂው በረኛ አባንግ።

«አማርኛውን እስክታስቡት ኳሱ መረብ ውስጥ ገብቷል። በእናቱ ቋንቋ የተጠራ ሰው ግን ሳያስብ ይዞራል።»

«አንተስ?»

«እኔ ሁለቱንም እማራለሁ።»

እውነትም ተማረ፤ ተማረ ከተባለ። በሜዳው ዳር እየሮጠ ሁለቱንም ቋንቋ ሲሰባብራቸው ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዕቃቸውን አውርደው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁበት። እሱ ምን ተዳው! ላቡን ጠርጎ ይደግመዋል። ኦቻላ እያየው «ይሄ ሰውዬ ትንሽ አያፍርም?» ይል ነበር በሆዱ።

ኦቻላ የቡድኑ አምበልና በረኛ ነው። አኙዋክ ነው፤ ኑዌርኛ ግን አቀላጥፎ ይናገራል። አባቱ በኑዌሮች አገር፣ ማታር በምትባል ከተማ በጤና ባለሙያነት ይሠሩ ስለነበር ያደገው እዚያ ነው። እናቱ ታማ በተኛችበት ዘመን ያበላችው፣ ያጠበችው፣ ሲያጠፋም በቁንጥጫ የመለሰችው ጎረቤታቸው፣ የዊዩዋል እናት ነበረች። ልጇ ሲላት እየሰማ እሱም «እማ» ይላት ነበር። ያ ዊዩዋል ዛሬ ከፊቱ የሚሰለፍ የመሃል ተከላካይ ነው።

ኮሌጅ በገቡበት ዓመት ከተማው በሁለቱ ወገኖች ግጭት ታመሰና ጠረጴዛዎቹ ተለያዩ። ኦቻላ ከወገኖቹ ጋር ተቀመጠ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ በስልክ ኑዌርኛ ሲያወራ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የነሱ የሆንከው?» ብለው ሲሳለቁበት አየ። ዞረው እሱንም «አንተስ ትችላለህ?» አሉት። «እኔ? አንዲት ቃል አላውቅም» አለ። ዊዩዋል ቀጥሎ ካለው ጠረጴዛ ሰምቷል። ቀና ብሎ አየውና ምግቡን መብላት ቀጠለ።

ውሸት አንዴ ከጀመረች መቀለብ አለባትና ኦቻላ በልምምድ ላይ ሦስቱን ጥሪዎች እንደ ጀማሪ ይንተባተብባቸው ጀመር። ዘገየም «ጎበዝ! እየለመድከው ነው» እያለ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ኦቻላ ጆሮው ድረስ ይግላል።

ከዲማ ከመጣው ቡድን ጋር የተጫወቱ ዕለት አንድ ለባዶ ይመሩ ነበር። ከግቡ ጀርባ የኦቻላ ሰፈር ሰው ሞልቷል፤ አክስቶቹ፣ የአጎቱ ልጅ ኦቻን፣ አብረውት በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ ልጆች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ረጅም ኳስ ወደ ግቡ ተሻገረ። ዊዩዋል ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ እየሮጠ ይመጣል። ኦቻላም ከግቡ ወጣ። የሚያስፈልገው «ተወው!» የምትል አንዲት ጥሪ ናት።

ጥሪዋ ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ግን በዚያ ድንጋጤ መንተባተብ አይቻልም፤ ከወጣች ጥርት ብላ፣ የማታር ልጅ አድርጋው ነው የምትወጣው። ከጀርባው ኦቻን «አይዞህ ኦቻላ!» ሲል ሰማ። አፉን ገጠመ።

ዊዩዋል ዘሎ ኳሱን በጭንቅላቱ መታው፤ ከኦቻላ ጋር ተላተሙና ሁለቱም ወደቁ። ኳሱ ቀስ እያለ ተንከባሎ መረቡ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጎል ተጨመረና ተሸነፉ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ዘገየ ኦቻላን «ጠራኸው?» አለው።

ኦቻላ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ዊዩዋል የተሰነጠቀ ቅንድቡን በፎጣ እንደያዘ መለሰ።

«ጠርቶኛል ኮች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ኦቻላ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን መሬትም አልተከፈተችም፣ እሱም «አልጠራሁትም» አላለም። ማሰሪያውን ፈታ፣ እንደገና አሰረ፣ እንደገና ፈታ።

በሚቀጥለው ልምምድ ዘገየ «የፊታችን ቅዳሜ ከተሸነፍን ቡድኑ አለቀለት። ጥሪ የማይሰማ ተከላካይ ይዤ አልገባም» አለና ዊዩዋልን ከአሰላለፉ አወጣው። ዊዩዋል አልተከራከረም። ቦርሳውን አንስቶ ወደ መውጫው ሄደ። ኦቻላ ከግቡ መሃል ቆሞ ያየዋል። አሁንም ዝም ካለ ለዕድሜ ልኩ ዝም እንደሚል ገባው።

«ዊዩዋል! አትሂድ! አልጠራሁህም እኮ! እያየሁህ ዝም አልኩ!»

በኑዌርኛ ነው የጮኸው፤ አንድም ሳይሰብር። አባንግ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን አለ?» አለ ዘገየ።

ዊዩዋል ቆመ። «እሱ ራሱ ይንገርህ።»

ኦቻላ በአማርኛ ደገመው። በአማርኛ ሲሆን ይበልጥ ከበደው፤ ሁሉም ይሰማላ። «ቋንቋውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አልችልም ያልኩት ውሸት ነው። አፍሬ ነው፣ ኮች።»

«በምኑ ነው ያፈርከው?»

ኦቻላ ጓንቱን አወለቀ።

«እኔ በማልችለው ቋንቋ ስጮህ ከተማው ይስቅብኛል» አለ ዘገየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ በምትችለው ታፍራለህ?» የአምበልነቱን ጨርቅ ከኦቻላ ክንድ ፈትቶ ለዊዩዋል አሰረለት። ቅዳሜ በረኛው አባንግ እንደሚሆንም ተናገረ።

ቅዳሜ ኦቻላ ከተጠባባቂዎች ጋር ከግቡ ጀርባ ቆመ። ዘመዶቹ ከኋላው ናቸው። ግጥሚያው ሲጋጋል ያችኑ የምትመስል ኳስ መጣች። አባንግ ወጣ፣ አፉን ከፈተ፣ የተማረው ጠፋበት። «ተወው!» የሚል የኑዌርኛ ጩኸት ከግቡ ጀርባ ተሰማ። ዊዩዋል ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አጎነበሰ፤ አባንግም ኳሱን ደረቱ ላይ አቀፈ። ከኋላ የነበረው የአክስቶቹ ወሬ ተቋረጠ።

«ይሄ የኛ ኦቻላ ነው?» አለች አንዷ።

ኦቻላ አልዞረም። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ። ዲኑ «እስቲ ለከርሞ እናያለን» ብለው ሄዱ፤ ለወንፊት ይህም ትልቅ ነገር ነው።

ዊዩዋል ላቡ ሳይደርቅ ስልኩን ይዞ መጣ። «እማ በደወልኩ ቁጥር ስለ አንተ ትጠይቃለች።»

«ምን ትላታለህ?»

«ደህና ነው፣ ግን ቋንቋችን ጠፍቶበታል እላታለሁ። ለምን አይደውልልኝም ስትለኝ ሌላ ምን ልበላት?» ደወለና ስልኩን ሰጠው።

አክስቶቹ አጠገቡ ቆመዋል። ስልኩ ተነሳ።

«ዊዩዋል፣ ልጄ?»

«እኔ ነኝ፣ እማ» አለ በኑዌርኛ። «ኦቻላ።»

ደስታዋ በስልኩ ውስጥ ፈነዳ። «ተመስገን! ቋንቋው ተመለሰልህ? ስጸልይልህ ነበር እኮ!»

ኦቻላ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«አልጠፋብኝም ነበር፣ እማ።»