የነጡት ፌንጣዎች

የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «አባ ፌንጣ» ነው የሚለው፤ እሱም አቤት ይላል። ዕድሜውን የፈጀው በነፍሳት ማሳያው ቤት ጸሎተኛ ፌንጣ ሲቀልብ ነው። ጉድ እኮ ናቸው! የፊት እግራቸውን እንደሚጸልይ ሰው አጥፈው፣ የደረቀ ቅጠል መስለው ይቆሙና ዝንብ ጠጋ ስትል ጸሎቱን ትተው ላፍ ያደርጓታል።

ጣጣው ቅጠል መምሰላቸው ነበር። ጎብኚው መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ «ባዶ ሳጥን ነው እንዴ የምታሳዩን?» እያለ አለቅየውን ቁም ስቅሉን ሲያሳየው፣ አባ ፌንጣ መላ አገኘሁ ብሎ በሳጥኑ ያለውን ቅርንጫፍ ሁሉ ነጭ ቀባው። ቡናማዎቹ ፌንጣዎች ነጩ ላይ ፍጥጥ ብለው ታዩ፤ ጎብኚው ተደሰተ፣ አለቅየውም የሽማግሌውን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሞኝ! ፌንጣ በልጅነቱ ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር የቆመበትን ቀለም እንደሚይዝ ከእሱ በላይ ማን ያውቅ ነበር? ምስጋናው ጣመውና ዝም አለ። አዲሶቹ ልጆች ነጥተው አደጉ፤ ነጩ ከነጩ ጋር ተመሳስሎ ጠፋ፤ ጎብኚውም ቀረ።

በመጨረሻ ቤቱ ሊፈርስ ሆነና ክፍሉን ዛሬውኑ ልቀቅ ተባለ። የሴቶቹ ፌንጣዎች ሆድ በእንቁላል ተወጥሯል። እነሱ አድገው ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ ቆዳ አይገፍፉም፤ እንደነጡ ይሞታሉ። እንቁላላቸውን እስኪጥሉ ብቻ ቢቆዩ ግን ልጆቻቸው የሚያድጉበትን ዛፍ ቀለም ይይዙ ነበር፤ ዘሩ ይተርፍ ነበር። የሚኖረው ሴት ልጁ ቤት ተጠግቶ ነውና እዚያ እንዲያቆያቸው ደውሎ ለመናት።

«አባዬ፣ በሞቴ ተወኝ! ቤቴ አንተን እንጂ ትሎችህን አይችልም» አለችው።

ምን ያድርግ? ከሕንፃው ጀርባ ባለው ዛፍ ግንድ ላይ አወጣቸው። ገና እጁን ሳያነሳ ወፎቹ ወረዱ። ባርኔጣውን ቢያወናጭፍ፣ ጠጠር ቢወረውር አንዱን ሲያባርር ሌላው ይለቅማል። ጥቁር ግንድ ላይ ነጭ ፌንጣ ለወፍ የተዘረጋ ማዕድ ሆነ።

«እጄን በቆረጠው!» እያለ ይንሰፈሰፋል።

«ጋሼ፣ በቃ ተው፣ ትወድቃለህ» አለው የግቢው ዘበኛ ክንዱን ይዞ።

አንዲት ቀረች፤ ሆዷ ከሁሉም የከበደ። ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ወጥታለች፣ እጁ አይደርስባትም። ነፋስ ሽው ሲል፣ እንደ እናቶቿ ቅጠል የመሰለች መስሏት፣ ከዛፉ ቅጠሎች ጋር እኩል ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ጀመር። ነፋሱ ሲቆም ቆመች። ወፏ ቀጥ ብላ መጣችና ይዛት ሄደች።

ሽማግሌው ባዶውን ቅርንጫፍ እያየ እንባው ወረደ።

«አንዲት ነገር አላጎደለችም እኮ» አለው ዘበኛውን። «አየሃት? አንዲት ነገር!»

«አየኋት፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው።