ታማለች፣ ቶሎ ና

ሞቱማ መርዙን ጨለጠና መድረኩ ላይ ዘፍ ብሎ ወደቀ። መርዝ የተባለው የአምቦ ውሃ ነበርና ወዲያው አገሳ። እንደ ሬሳ የተጋደመችው እታገኝ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ሬሳ አይስቅም!" አለ ትያትሩን የሚያለማምዳቸው መምህር ወልደሰንበት።

ሌላ ቀን ቢሆን እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ኪሱ ውስጥ ቴሌግራም አለ። ጠዋት ከእጃጂ የእህቱ ባል ቱፋ የላከው ነው፦ "ዓለሚቱ ታማለች። ቶሎ ና።"

ታማለች! ማንን ለማሞኘት ነው? በዚህ አገር ለታመመ ሰው ማን ቴሌግራም ይመታል? መርዶ በሩቅ አይነገርም፤ "ታሟል፣ ና" ይባልና ሰውየው ደጃፉ ላይ ድንኳኑን ሲያይ ይረዳዋል። ለአባታቸውም ሞት የተጠራው እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ቴሌግራሙን እንዳነበበ በሩን ዘግቶ ብቻውን አለቀሰ፤ ጥቁር ከረባት አሰረና ሥራ ገባ። ለማን ይናገር? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አገረ ሕይወት ከተማ ውስጥ አራት ዓመት ሲኖር አንድም ቀን ቤቱን ያንኳኳ ሰው የለም። ያለችው አንዲት እህት ናት፤ ከእሷም ጋር በአባታቸው መሬት ተኳርፈው ሁለት ዓመት አልተያዩም። "ቀብሩ እንደሁ አልፏል፣ ነገ እሄዳለሁ" አለ ለራሱ። እውነቱን ለመናገር ድንኳኑን ፈርቶ ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ የምጫወተው ሰውዬ አልገባኝም" አለ ሞቱማ አቧራውን እያራገፈ። "ፍቅረኛው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው የጠጣችው። ፊቷ እንዳልገረጣ በዓይኑ ያያል። ምናለ ትንፋሿን ቢያዳምጥ?"

"ትንሽ ቢታገሥ እነቃለት ነበር እኮ!" አለች እታገኝ ቀና ብላ።

መልሱን ወልደሰንበት በቃሉ ያውቀዋል፦ ዕጣ ፈንታ ነው፣ ደብዳቤው በጊዜ ስላልደረሰው ነው። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣው።

"መቃብሩ ጋ ሲደርስ እኮ ሞታለች ብሎ ጨርሷል። ሰው ነግሮታል፣ መንገዱን ሙሉ አልቅሶላታል። ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የሚያየውን አያምንም።"

"በቁሟ ቀበራታ!" አለች እታገኝ።

ወልደሰንበት ክው አለ። ቱፋ እኮ ነገር መሸፋፈን የማይችልበት ሰው ነው። የአባታቸው ጊዜ ዘመድ ሁሉ "ትንሽ አሟቸው" ሲለው፣ ፊት ለፊት "ሞተዋል" ያለው እሱ ነው፤ ሽማግሌዎቹም በቁጣ ሊበሉት ነበር። እሱ ታማለች ካለ ታማ ቢሆንስ? ይሄኔ በር በሩን እያየች "ወንድሜ መጣ?" ትል ቢሆንስ? አፈረ። ከረባቱን እዚያው ፈቶ ጣለው።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ?"

"እህቴ ታማለች" አለ። ቃሉን ከአፉ ሲያወጣው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

መናኸሪያው ላይ በእጃጂ የሚያልፈው የነቀምት አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ ተሳፋሪ ይጣራል። ወልደሰንበት አጠገቡ ካለው ሱቅ ዘው አለ። ባለሱቁ አብዱልናስር የዓይኑን ቅላት አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አብሽሩ፣ መምህር። ለለቅሶ ቤት ነው? ቡናና ስኳር ልመዝንልዎ?"

"የለም፣ ብርቱካን ስጠኝ። ለበሽተኛ ነው" አለ ወልደሰንበት። "ልጣጩ የማያስቸግረውን ምረጥልኝ። ሰው ሲልጥላት አትወድም።"