የአቡጀዲ ከረጢት

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወላሂ የማንም አይደለም። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ወለል ስፈትግ ኖሬ የአገሬን ወግ ረስቼው መጣሁ።

ፌስታል ተከለከለ ሲባል፣ ጊዜው የኔ ነው አልኩ። የመካነ ሰላም ሴት ሽንኩርቷን በምን ልትይዝ ነው? የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀባሁ፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲ ገዛሁ፣ ታናሽ እህቴን ባሲማን ጎትቼ አጠገቤ አስቀመጥኩ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ማንገቻውን እየደረብን መቶ ሃያ ከረጢት አወጣን።

ባሲማ ግን ፓስፖርቷን ጨርሳለች። ወደ ሪያድ የምትሄድበትም ቀን ተቆርጧል፤ ገበያው በዋለ በሁለተኛው ቀን።

"እሺ ፈርሂያ፣ ከተሸጠ እቀራለሁ። ካልተሸጠ ግን እንዳትለምኚኝ" አለችኝ። ተስማማሁ። ዓረብ አገር ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እህቴን ላልሰጠው ምያለሁ።

የገበያው ቀን በጠዋት ዘረጋን። መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ የሻለም ናቸው። አንዱን አንስተው በጣታቸው አሹትና እሳት እንደነካው ሰው ጣሉት።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? በመግነዝ ጨርቅ ነው ጎመን የምሸከመው?"

"እትዬ፣ ጨርቅ እኮ ነው! ምን አለበት?"

"ለራስሽ ያዢው!"

ከኋላቸው የቆመችው ኡምኩልሱም ደግሞ "አስተግፊሩላህ! ቲማቲም በከፈን?" ብላ ፊቷን አዞረች።

እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን የሚጠቀልለው በዚሁ ጨርቅ ነው። ማን ይህን ይረሳል? እኔ ድንጋይ ራስ! ወሬው ከሽንኩርት ተራ በርበሬ ተራ ደረሰ። "ከፈን ነጋዴዋ" እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ፤ አንድም ሳልሸጥ ሰበሰብኩ።

"ቀለም እንንከረው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ" አልኳት ባሲማን።

"አትለምኚኝ ብዬሻለሁ።"

ሄደች።

እያለቀስኩ ቀይና አረንጓዴ ነከርኳቸው። በሳምንቱ ገበያ ከቀትር በፊት አለቁ። እትዬ የሻለም እንኳ ሦስት ገዝተው "እንዲህ ነው እንጂ! እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

በወሩ ባሲማ ከሪያድ ደወለች። እመቤቲቱ እንዳትሰማት በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"ፈርሂዬ፣ ከረጢቱስ? ተሸጠ?"

ሁለተኛውን ጣቃ ጨርሼ ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ። ደጃፌ ላይ ሁለት ሴቶች ከረጢት ሊገዙ ቆመው ይጠብቁኛል።

"የት አባቱ! አንድም አልተሸጠም" አልኳት። "እንኳን ሄድሽ፣ እህቴ።"